የማሽኑ ክርስትና እናት

ኔሊዳ ቺሪኖስ ሰው አታምንም። ይህ ስም ማጥፋት አይደለም፤ ራሷም አፏን ሞልታ የምትናገረው ነው። ገበያ ወርዳ ሥጋ ስትገዛ ሻጩ ሥጋውን ገልብጦ ካላሳያት ቦርሳዋን አትከፍትም። በራሷ እጅ ካልተከፈተ ጠርሙስ አትጠጣም። ልጇ ያኒና «ጉምሩክ» ነው የምትላት፤ ከሱቅ የመጣ ዕቃ፣ በስልክ የመጣ ወሬ፣ ልጅቷን እስከ በር የሸኘ ጎረምሳ፣ ሁሉም በኔሊዳ ዓይን ሳይፈተሽ አያልፍምና። የያኒና አባት ለሥራ ብሎ ታክና ከተማ ሄዶ እዚያው ሌላ ቤት ከሠራ ወዲህ ደግሞ ፍተሻው ጠብቋል።

አሬኪፓ ከተማ ውስጥ፣ አልፓካ ከሚባለው የተራራ እንስሳ ፀጉር ክር በሚፈትል አንድ ፋብሪካ የጥገና ኢንጂነር ናት። እዚያ ጠባይዋ ጠቅሟታል። ሻጭ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ያመጣላትን ኩሽኔታ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ትሄዳለች፣ ታገላብጠዋለች፣ በጥፍሯ ትፍቀዋለች፤ አብዛኛውን ጊዜም አስመስሎ የተሠራ ሆኖ ታገኘዋለች። ያበላሻትም ይኸው ነው። መጠርጠር አንዴ የጠቀመው ሰው መተው ይከብደዋል።

ሲበዛባት ደግሞ ትፈነዳለች። ሠራተኛ ላይ ትጮኻለች፣ አለቃ ላይ በር ትዘጋለች። አሬኪፓ ላይ እንዲህ ያለው ነገር መላ አለው፤ አንድ ሰው ያለ ምክንያት ሲቆጣ «ሚስቲ ላይ በረዶ ጥሏል» ይባላል። ጥፋቱ ከከተማው በላይ የቆመው ተራራ የሚስቲ ይሆናል፣ የተቆጣው ሰው ነጻ ይወጣል፣ ሌላ ጥያቄ የለም። ለኔሊዳ ይህን ቃል የሚሉላት የፋብሪካው ዋና ሜካኒክ ዶን ፋውስቶ ሴጋራ ናቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ተዋት ልጄ፣ ሚስቲ ላይ በረዶ ጥሏል» ይላሉ፤ የተሰደበው ልጅም ስቆ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ዶን ፋውስቶ አበልጇ ናቸው። ያኒናን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው፣ ያባት ቦታ ባዶ ሲሆንም ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ የሄዱት እሳቸው ናቸው። እሁድ ጠዋት ዳቦውን አዶቦ በሚሉት የሥጋ ወጥ እየነከሩ የሚበሉት ኔሊዳ ቤት ነው። በዚህ ዓለም ላይ ሳትፈትሽ የምታሳልፈው አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ።

እንግዲህ ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ቤዶያ ከቢሮው ብቅ ብሎ፣ ጥርሱን ሁሉ እያሳየ፣ «ኢንጂነር፣ ዘንድሮ ሊማ ለጉባኤው የሚሄዱት እርስዎ ነዎት» ሲላት ነገሩን ጠረጠረች።

ዓመታዊው የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ጉባኤ ለሌላው ሰው ሽልማት ነው። አውሮፕላን አለ፣ ሆቴል አለ፣ ባሕር እያዩ ምሳ መብላት አለ። ኔሊዳ ግን የሄዱትን ሰዎች መጨረሻ ታውቃለች። የማቅለሚያ ክፍሉ ኤልመር ቡስቲንሳ ሄዶ በተመለሰ በወሩ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የሄዱት ሴትዮ መጋዘን ውስጥ «አማካሪ» ተብለው፣ አንድም ሰው ሳያማክራቸው ጡረታ ወጡ። ሰውን ከመሸኘታቸው በፊት ባሕር ያሳዩታል ማለት ነው። እሷ ደግሞ ሃምሳን አልፋለች፤ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥራታል? ያኒና የጥርስ ሕክምና ትምህርቷን ገና አልጨረሰችም። ሥራው ከሄደ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል።

የዚያን ቀን ወርክሾፕ ወርዳ አበልጇን ጠየቀቻቸው። ዶን ፋውስቶ የመፍተያ ማሽኑ ሥር ተንበርክከው፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግነው ነበር። እንደ ሐኪም የማሽኑን ልብ የሚያዳምጡት እንዲህ ነው።

«አበልጄ፣» አለቻቸው ከኋላቸው ቆማ፣ «ሊያባርሩኝ ነው እንዴ?»

ዞር ብለው ፈገግ አሉ። «አዎ፣ አዎ፣ ጥሩ ነው። ባሕሩንም ታዪዋለሽ።»

ኔሊዳ ክው አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ደግማ ትጠይቅ ነበር። ተጠራጣሪ ሰው ግን ደግሞ አይጠይቅም፤ የሰማውን ይዞ ሄዶ ብቻውን ያብሰለስለዋል። ያን ጊዜ የቆየ ነገር ሁሉ ትዝ አላት። ከጥቂት ወራት ወዲህ ዶን ፋውስቶ ተለውጠዋል። ከኋላቸው ስትጠራቸው ዝም ይላሉ። ሲያወሩ ዓይኗን አያዩም፤ አፏን ነው የሚያዩት፣ የምትዋሽ ይመስል። ቀልድ ሲወራ ሰው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ይስቃሉ። የሆነ ነገር የሚደብቅ ሰው እንዲህ ነው፣ አለች በልቧ።

ቁርጡን የነገራት ደግሞ ሊማ ልትሄድ ስትል የሰማችው ነው። በጸሐፊዋ በዶሪስ ቢሮ በኩል ስታልፍ በሩ ገርበብ ብሏል። የዶን ፋውስቶ ድምፅ የማሽኖቹን ጩኸት አልፎ መተላለፊያው ድረስ ይሰማል።

«ስንብቱ ዓርብ ነው! ለአበልጄ ትንፍሽ እንዳትዪ!»

ስንብት። ለዘመድ ሲሆን ግብዣ ነው፤ ለደመወዝተኛ ሲሆን ደብዳቤ ነው። ኔሊዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከሁሉ የከፋባት ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አለማድረጋቸው ነበር። ይህን ያህል ነው የናቁኝ፣ አለች። ያኒናን ታቅፈው ቤተ ክርስቲያን የቆሙት ሰው።

እንዲህ ሆና ነው ሊማ የወረደችው።

ሊማ ሰማዩ እንደ እርጥብ አመድ ነው፣ ዝናቡም ዝናብ ነኝ ለማለት አይበቃም። የጉባኤው አዳራሽ በር ላይ አንዲት ልጅ አንገቷ ላይ ካርድ አንጠልጥላላት፣ ካርዱን በመሣሪያ ነካ አድርጋ «እንኳን ደህና መጡ» አለቻት። ቀጥሎ ባለው በር ላይ ሌላዋ ነካ አደረገችው። ምግብ ቤቱ በር ላይ ሦስተኛዋ። «ምንድን ነው የምትመዘግቡት?» አለች ኔሊዳ። «ፍላጎትዎን ነው፣ ሴኞራ።» ፍላጎቷን ራሷ የማታውቀውን ልጅቷ እንዴት እንዳወቀችው አልገባትም፤ ካርዱን ገልብጣ ጃኬቷ ውስጥ ከተተችው።

መድረኩ ላይ ከረባት ያላሰረ ሰው ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ማሽን ጓደኛችን መሆኑን አስረዳ። ሰው አጨበጨበ። እሷ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ጠበቀች። ቤዶያም እንዲሁ ነው ሠራተኛን ጓደኛዬ የሚለው።

ምሳ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ጠረጴዛ ደረሳት። ከየሀገሩ የመጡ ኢንጂነሮች ሴቪቼያቸውን፣ ያን በሎሚ የተዘፈዘፈ ጥሬ ዓሣ፣ እየበሉ ያዩትን ይለዋወጣሉ።

«ምን ይዘህ ትመለሳለህ?» አለች ከትሩሂዮ ከተማ የመጣች ሴት ጎኗ ያለውን ሰው።

«ብዙ እስክሪብቶና ጉንፋን።»

«እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፣» አለች እሷ። «ድሮ የሚሰልለን አለቃችን ነበር፤ ከእንግዲህ ፓምፑ ነው።»

ጠረጴዛው ሳቀ። አንድ የኩስኮ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «ከጠዋት ጀምሮ መጪው ዘመን፣ መጪው ዘመን ይሉናል፣» አሉ ሎሚውን እየጨመቁ። «ባሳዩን ፎቶ ሁሉ ላይ ፈለግሁ፣ አንድ እንኳ የዘይት ጨርቅ የያዘ ሰው አጣሁ።»

ኔሊዳ ሽማግሌውን በፍቅር ነበር ያየቻቸው። ሁሉም ያን ያህል እየጠረጠረ ለምን እንደሚያጨበጭብ ግን ግራ ገባት። ጠየቀቻቸው። «ሴኞራ፣» አሏት፣ «አበል የሰጠኝ አለቃዬ አዳራሹ ውስጥ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጠው።»

ከሰዓት በኋላ በሻጮቹ ድንኳኖች መካከል ስትዞር ስሟን የሚጠራ ሰማች። ኤልመር ቡስቲንሳ ነው። ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ጫማው ያበራል።

«ኔሊዳ! መጣሽ? ስንጠብቅሽ ነበር እኮ።»

«ማነው የሚጠብቀኝ?»

«እኛ ነና። ቤዶያ ደውሎ አንቺ እንደምትመጪ ነግሮናል።»

«አንተስ? ካባረሩህ በኋላ እዚህ ነው የገባኸው?»

ኤልመር ሳቀ። «ማን አባረረኝ? እዚሁ ጉባኤ ላይ ሥራ ሰጡኝ፣ ተመልሼ ለቀቅሁ። ጠባይሽ አሁንም አለቀቀሽም?»

ተባርሬያለሁ ብሎ የሚናገር ሰው የለም፣ አለች በልቧ፤ የተባረረ ሰው ነው እንዲህ ጫማውን የሚያሳምረው። ኤልመር የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር አንስቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ማሽኑ ላይ ትለጠፋለች፣ ቀን ከሌት ታዳምጣለች፣ ኩሽኔታው ሊሰበር ሲል ገና ሳይሰበር ስልክ ላይ ትናገራለች። ኔሊዳ ወደ ብርሃን ይዛት ሄደች፣ ገለበጠቻት፣ በጥፍሯ ፋቀቻት። የሚነቀፍ ነገር አጣችላት። ይህም አስፈራት።

«ለእናንተ የታዘዘው ተልኳል፣» አላት ኤልመር።

«ስንት ሰው ይፈልጋል?»

«አንድ። የሚነበበውን ማንበብ የሚችል አንድ ሰው።»

«እኛ ጋ የቱ ማሽን ይቁም፣ የቱ ይሂድ የምንለው እኔና ዶን ፋውስቶ ነን። ሁለት ነን።»

ኤልመር የጃኬቱን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገ። «እኔ ሻጭ ነኝ፣ ኔሊዳ። የሰውን ነገር ቤዶያን ጠይቂው።»

በመመለሻው አውሮፕላን ላይ ነገሩ ሁሉ ገጠመላት። ከሁለት አንዱ ይቀራል። ዶን ፋውስቶ ይህን ቀድመው አውቀዋል፣ ከቤዶያ ጋር ተስማምተዋል፣ እሷን ባሕር ትይ ብለው ገለል አድርገዋታል፤ ዓርብ ደብዳቤዋ ይሰጣታል። ተጠራጣሪ ሰው ነገሩ ሲገጥምለት፣ የገጠመው ነገር ቢገድለውም እንኳ፣ አንድ ዓይነት ደስታ አለው። ኔሊዳ ደስታውን በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ አጣጣመችው። ከዚያ አለቀሰች። የጎረቤቷ መንገደኛ ናፕኪን ሲሰጣት ንጹሕ መሆኑን አይታ ነው የተቀበለችው።

ከጉባኤ የተመለሰ ሰው ያየውንና የተማረውን ለክፍል ኃላፊዎች መናገር የፋብሪካው ወግ ነው። ሐሙስ ተሰበሰቡ። ቤዶያ ራስጌ ተቀመጠ፣ ዶሪስ ሻይ ቀዳች፣ ዶን ፋውስቶ ከኔሊዳ ፊት ለፊት፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ከሚያርፍበት በኩል ወንበር ስበው ተቀመጡ። አፏን ለማየት ነው። ይህንንም ታዘበችባቸው።

መጀመሪያ አሳቀቻቸው። የእስክሪብቶውን ነገር አወራች፣ የሰላዩን ፓምፕ አወራች። ቀጥላ ኮስተር ብላ ስለ ክብሪት ቀፎዋ ተናገረች፤ አወደሰቻት፣ በሕይወቷ ማንንም እንዲያ አወድሳ አታውቅም። ቤዶያ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል።

«አንድ ሰው ይበቃታል፣» አለች። «ያም ሰው ኢንጂነር መሆን አለበት።»

ከዚያ ወደ ዶን ፋውስቶ ዞረች። ሁለት ቀን ሙሉ ያዘጋጀችው ነበር። እንዳያመልጣቸው ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ፣ ጮክ አድርጋ፣ ፊታቸውን እያየች ተናገረችው።

«ጆሮ ያረጃል፣ አበልጄ። ካቻቢቴ ደግኖ የሚሰማ ለመምሰል መንበርከክ ይብቃ። የደከመ ጆሮ ይዞ ፋብሪካ ከማስፈጀት በጊዜ ቤት መቀመጥ ክብር ነው።»

ዶሪስ የያዘችውን ሻይ ሳታስቀምጥ ቆማ ቀረች። የዶን ፋውስቶ እጅ ወደ ግራ ጆሯቸው ሄደ፣ ነካ አደረገው፣ ተመልሶ ጉልበታቸው ላይ አረፈ።

ኔሊዳ አንድ ሰው «ሚስቲ ላይ በረዶ ጥሏል» እንዲል የጠበቀች ይመስል ዙሪያውን አየች። ያን የሚሉላት ዶን ፋውስቶ ነበሩ። ቤዶያ ወረቀቶቹን ሰብስቦ «እናመሰግናለን ኢንጂነር» ብሎ ተነሣ፤ ፈገግታው አልነበረም።

ዶሪስ መተላለፊያው ላይ ደረሰችባት፣ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት።

«ማን ነገረሽ?»

«ምኑን?»

«አትቀልጂብኝ። ጆሯቸው መሞቱን ማን ነገረሽ? ከእኔና ከቤዶያ በቀር የሚያውቅ የለም። ግራው ጨርሶ ዘግቷል፣ ሌላኛውም እየሄደ ነው። ምነው ኔሊዳ፣ ምነው በሰው ፊት?»

«ምን ጆሮ?» አለች ኔሊዳ።

ዶሪስ አየቻት፣ ደግማ አየቻት፣ ከዚያ ክንዷን ለቀቀች። «እመቤቴ ድረሺ። አላወቅሽም።»

የቀረውን ግድግዳው ሥር ቆመው ነገረቻት። ሐኪሙ ከነገራቸው በኋላ ቤዶያ ዘንድ ሄደው ሥራ ልልቀቅ ያሉት ራሳቸው ዶን ፋውስቶ ናቸው። መሣሪያው እንዲገዛም የለመኑት እሳቸው ናቸው፤ እሷ ሊማ ሄዳ አይታ ትረከበው ያሉትም እሳቸው። «አበልጄ ካወቀች አብሬዎት እለቃለሁ ብላ ታብዳለች፣ ዓርብ ራሴ በአፌ እነግራታለሁ ብለው ነው ዝም ያሰኙኝ። ሹክ የሚሉ መስሏቸው እኮ ነው እንዲያ የሚጮኹት፣ ምስኪን። የራሳቸውም ድምፅ አይሰማቸው።»

ኔሊዳ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ከኋላቸው ስትጠራቸው ዝም ያሏት፣ አፏን ያዩት፣ በቀልዱ ዘግይተው የሳቁት፣ «አዎ፣ ጥሩ ነው» ያሏት። ሁሉንም ገልብጣ፣ ፍቃ፣ ወደ ብርሃን ወስዳ አይታው ነበር። ከስንት ወር በኋላ ከአፏ የወጣ ነገር ሙሉውን፣ ቃል ሳይጎድል የደረሳቸው ደግሞ ያ ስድብ ነው። በደንብ እንዲሰሙት ስትለፋበት ነበርና።

ማታውን ቤታቸው ሄዳ በር አንኳኳች። መብራቱ በርቷል፣ የሚከፍት የለም። ሳይሰሙ ቀርተው ይሁን ሰምተው፣ ማወቅ አልቻለችም።

ዓርብ ደረሰ። በእኛ ዘንድ አዲስ ነገር ክርስትና ሳይነሣ ሥራ አይጀምርም፤ አውቶቡስም ይሁን ድልድይ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያም ትሁን። የመፍተያ ማሽኑ አጠገብ ለክርስትናው የሚሰበረው ጠርሙስ በቀይ ሪባን ተንጠልጥሏል፣ እጀታዋ በሪባን የተጠቀለለ ትንሽ መዶሻ በሳህን ቀርባለች፣ ሠራተኛው በእጁ ሙሉ የሚበተን ቢጫ ቁርጥራጭ ወረቀት ይዟል። የአኒስ አረቄ የገባበት ሻይ ከወዲያ ይሸታል። ቤዶያ ጉሮሮውን ጠራረገና ስሞቹን ጠራ።

«ክርስትና አባት፣ ዶን ፋውስቶ ሴጋራ። ክርስትና እናት፣ ኢንጂነር ኔሊዳ ቺሪኖስ።»

ኔሊዳ ወደ ዶሪስ ዞረች። «ማነው የመረጠኝ?»

«እሳቸው።»

«መቼ?»

«ሊማ ሳለሽ። ዛሬ ጠዋት ሌላ ሰው ልቀይር ወይ ብዬ ጠይቄአቸው ነበር፣» አለች ዶሪስ። «ምን መለሱ መሰለሽ? መዶሻው የት አለ አሉኝ። ሰምተውኝ ይሁን አይሁን እንጃ።»

እምቢ አይባልም። ክርስትና እምቢ ማለት ማሽኑን መርገም ነው። ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን በውኃ አስተኝተዋል፤ አላዩአትም። መዶሻዋን አብረው ያዙ፣ እጃቸው በእጇ ላይ አረፈ። ማሽኑ ተነሣ፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ኔሊዳ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አበልጄ። አላወቅሁም ነበር። በልጄ፣ አላወቅሁም ነበር።»

ከዚያ ነው የተናገረችበት ጆሮ ግራው መሆኑ፣ የሞተው መሆኑ የታወቃት።

እሳቸው ግን በትልቁ መስኮት ወደ ውጭ፣ ወደ ተራራው ያዩ ነበር። ቆይተው፣ ሹክ ማለታቸው ነው፣ ቤቱ ሁሉ በሰማው ድምፅ ተናገሩ።

«ሚስቲ ላይ በረዶ ጥሏል መሰለኝ፣ አበልጄ።»

ኔሊዳ ቀና ብላ አየች። ተራራው እስከ ጫፉ ደረቅ ነው፣ ቡናማ ነው፣ የበረዶ ዘር የለበትም። ሰምተዋት ይሁን፣ ከንፈሯን ከጎን አይተው ይሁን፣ ወይስ የሽማግሌ ዓይን እንዲሁ ነጭ መስሎት ይሁን፣ የምትፈትሽበት መንገድ አልነበራትም። ሊያውም ያን ጊዜ መፈተሽ አልፈለገችም። መዶሻዋን ሳትለቅ ዞራ ፊት ለፊታቸው ቆመች፣ አፏን እንዲያዩት።

«አዎ፣ አበልጄ፣» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ጮክ አድርጋ። «በጣም ብዙ ጥሏል።»

ዶን ፋውስቶ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መዶሻዋንም አብረው ወደ ጠርሙሱ አነሷት።